ሪፒተሩ የዋጣቸው ሁለት ፊደላት

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስለፈልፍ ኖሬያለሁ፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ በልባችሁ «አንድ» በሉ፣ ከዚያ ተናገሩ። የሚሰማኝ ግን የለም። ሰው ሬዲዮ ሲጨብጥ ምን እንደሚነካው እንጃ፤ ጣቱና ምላሱ እሽቅድምድም ይገጥማሉ። ዳቦ ጋጋሪው «ዱቄት አልቋል» ይላል፣ ሰው ጆሮ የሚደርሰው «...ቄት አልቋል» ነው። ነርሷ «ሐኪሙ ገብቷል» ስትል «...ኪሙ ገብቷል» ይሆናል። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «አልተሰማም፣ ይደገም!» ይላል፤ እኩል ሲናገሩ ደግሞ ጩኸት ብቻ ይወጣል። እኔ ከላይ ሆኜ እቆጣለሁ። ስቆጣ ይስቃሉ።

ከላይ ስል ከኮረብታው አናት ማለቴ ነው። ሥራዬ ሪፒተር መጠበቅ ነው። ከሥር ሁለት ሸለቆ አለ፣ ስልክ አይሠራም፣ ማኅበሩ ለሃያ ሦስት ቤት ሬዲዮ አድሏል። ኮረብታው መሐል ስለገባ የአንዱ ሸለቆ ሬዲዮ ሌላው ሸለቆ አይደርስም። ስለዚህ አናቱ ላይ አንድ ሣጥን ተቀመጠ፤ ከታች የተላከለትን ይሰማና እዚያው በዚያው በሌላ ሞገድ ለሁሉም መልሶ ይጮኸዋል። ሪፒተር ማለት ይኸው ነው። ችግሩ፣ በደመናማ ወራት ሶላሩ ባትሪዎቹን አይሞላቸውም። እኔም ኃይል እንዲቆጥብ ብዬ ሣጥኑ እንዲያንቀላፋ አደረግኩት። የሚናገር ሲጠፋ ያሸልባል፣ ሲጠሩት ይነቃል። እስኪነቃ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያች ሰከንድ የተባለውን ይውጠዋል። «አንድ በሉ» እያልኩ የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው።

ቻናላችን ሁለት ነው። አንደኛው በሪፒተሩ የሚያልፍ፣ ሃያ ሦስቱም ቤት የሚገባ ነው። ሁለተኛው ቀጥታ ነው፤ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ፣ ኮረብታ ካልጋረደ። እኔ አናቱ ላይ ስላለሁ በሁለተኛውም ሁሉን አገኛለሁ። ሚስጥር ግን በአንዱም የለም። የጋራ ቻናል ግድግዳ የለውም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ምሰሶ» ብለው ስም ያወጡልኝም በዚሁ ቻናል ላይ ነው። ለአንቴናው ይሁን ለቁመቴ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ ልምጣ።

ባሏ የድንጋይ መኪና ሹፌር ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ከመታጠፊያው ማዶ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። መታጠፊያው የኛ ድምፅ የሚያበቃበት ቦታ ነው፤ መኪና እሱን ከዞረ ሬዲዮው ደረቅ ይሆናል። ያን ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር። እኔ ሣጥኑ ፊት ተንበርክኬ ብልሽት እፈልጋለሁ። በእጄ ትንሿን ሬዲዮ ይዤ የሪፒተሩን መግቢያ አዳምጣለሁ፤ ማለት እሱ የሚሰማውን እኔም እኩል እሰማለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ሬዲዮ ደግሞ ሪፒተሩ ለሕዝቡ የሚያወጣውን ያሰማኛል። ሰውየው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ ስም ሳይጠራ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም፣ አንድ ቃል ተናገረ።

በእጄ ካለው ሬዲዮ «አትጠብቂኝ» ሲል ሰማሁ። ከግድግዳው ሬዲዮ «...ጠብቂኝ» ወጣ።

ሁለት ፊደል። አ እና ት። ሣጥኑ አሸልቦ ነበር።

ከጉልበቴ ሳልነሳ ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን ተጭና «እሺ! እጠብቅሃለሁ!» አለች። ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው ከደስታው ብዛት ሲንቀጠቀጥ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንዲያ ነበር። ሰውየው አልመለሰም። ሰምቶ ዝም ብሎ ይሁን መታጠፊያውን ዞሮ ይሁን እሱ ያውቃል። ከዚያ ቻናሉ ተቀጣጠለ። የወተት ሹፌሩ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ይላል፤ ነርሷ «እኔን ማን እንዲህ ባለኝ» ትላለች፤ ዳቦ ጋጋሪው ለተመለሰ ዕለት ዳቦው በነጻ ነው ብሎ ቃል ይገባል። እኔ ትንሿን ሬዲዮ እንደጨበጥኩ ቀረሁ። የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ነገ ይታረቁ ይሆናል፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ነገ እነግራታለሁም አልኩ። ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

በነጋታው ልብስ ሰፊዋ ጠራችኝና የጠዋቱን ስም ጥሪ ለእሷ እንድለቅላት ለመነችኝ። እስከዚያ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቶቹን በየቁጥራቸው እየጠራሁ ደኅንነታቸውን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ጥሪም አልነበረም፣ ቁጣ ነበር። «እንግዲህ ከሬዲዮው አጠገብ አልጠፋም» አለች። «ከመታጠፊያው ቢጠራኝ አለሁ እንድለው።» እንቢ የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። እውነቱን ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር፣ አፌን ከፍቼም ነበር፣ «ይሁን፣ ውሰጂው» የሚል ወጣ።

እሷ ስትጠራ ሌላ ነገር ሆነ። «ቁጥር ሦስት፣ አደራችሁ ወይ? ጉንፋኑስ?» «ቁጥር ዘጠኝ፣ የበሩ ማጠፊያ ተሠራ?» እኔ ሁለት ዓመት ጠርቻቸው ማን በር እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ሰው ቀድሞ ተነስቶ፣ ሬዲዮውን አሙቆ፣ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ሃያ ሦስቱም ካለቁ በኋላ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፦ «ከመታጠፊያው ማዶ የሚሰማኝ አለ? ልቀበል።» ትልና ዝም ትላለች፤ «ልቀበል» በሬዲዮ ቋንቋ ጨርሻለሁ፣ ተራው የአንተ ነው ማለት ነው። ማንም ቁልፉን አይነካም። የወተት ሹፌሩ፣ ያ የማያፍር ለፍላፊ፣ እሱ እንኳ አይነካም። ከዚያ «እሺ፤ መልካም ቀን ይሁንላችሁ» ትላለች።

አራት ዓመት። በየጠዋቱ። እኔም በየጠዋቱ ሰማሁ።

ከጥሪው በኋላ ወደ ሁለተኛው ቻናል ወርደን እኔና እሷ እናወራለን። ጀማሪዋ እሷ ናት፤ ባትሪው ስንት እንዳሳየ ትጠይቀኛለች፣ ቁጥሩን እነግራታለሁ፣ እሷም የማን ሱሪ እንደጠበበ፣ ማን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳሰፋ ታጫውተኛለች። ሰው ሰው ሳያማ አፉ አያርፍም፣ እሷ ግን ስም አታነሳም፤ «አንድ ሰውዬ አለ፣ ሆዱ ከልብሱ ተጣልቷል» ትላለች፣ ዳቦ ጋጋሪው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከድምፅዋ ኋላ የስፌት ማሽኑ ፔዳል ይሰማል። አንዳንዴ ወሬ ያልቅብንና ቁልፉን እንደተጫነች ትሰፋለች። እኔም ድንች እየላጥኩ እሰማለሁ። በአካል አይቻት አላውቅም። የእሷ መንደር በወዲያኛው ሸለቆ ነው፣ እኔ ስወርድ የምወርደው በወዲህኛው ነው።

ሚስቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው። ወደዚህ ኮረብታ የወጣሁት ሰው ጠልቼ ነው ይላሉ፣ አልተሳሳቱም። ግን ሰው የጠላ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አያይም። ፀጉሩንም አያበጥርም፤ ለሬዲዮ! ስለዚህ ለምን አልነገርካትም ለሚለኝ ሰው ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ ከነገርኳት ትሄዳለች። ያን ሬዲዮ ያስያዛት የሱ ቃል ነው፣ ቃሉ ከወደቀ ድምፅዋም ይሄዳል። መጀመሪያ ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ራሴን አውቄዋለሁ፣ የሌላ ሰው ቃል ላይ ቁጭ ብዬ የምሞቅ ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ከጥሪው በኋላ በሁለተኛው ቻናል ጠራችኝ። ፔዳሉ አይሰማም።

«ጋሼ ምሰሶ፣ ልቀበል።»

«ቀጥይ፣ እሰማለሁ።»

«እህቴ ጻፈችልኝ። የምትሠራበት ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ይፈልጋል። ከእሷ ጎን የሚከራይ ክፍልም አለ። እስከ እሑድ መልስሽን በወተት ሹፌሩ ላኪልኝ፣ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው ይገባበታል ትላለች።»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩማ ነው! ከእህቴ ጋር አንድ ግቢ መኖር መቼ ጠላሁ? እዚህ ምን አለኝ፤ ማሽንና ሬዲዮ። ግን እንዴት ብዬ ልሂድ ጋሼ? ሰውዬው በሃያ ሦስት ቤት ፊት ጠብቂኝ ብሎኝ ሄዷል። ቢመጣና በሩን ተቆልፎ ቢያገኘውስ? እንቢ ብዬ ልጽፍላት ነው። አንተ ምን ትላለህ? ልቀበል።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ለቀቅኩ። እንደገና ተጫንኩ።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አልኩ።

«እሱስ አዎ» አለችና ፔዳሉን ቀጠለች።

ሐሙስ ስም ጥሪው እንደወትሮው ነበር። ዓርብም። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እንቢ ብላ እንደምትጽፍ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ራሴን አስጠላኝ። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። የሌለ ሰው ስትጠብቅ ሃምሳ ይሞላታል፣ እኔም ድንች እየላጥኩ አዳምጣታለሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን እኔ እሞታለሁ፣ እሷ «ከመታጠፊያው ማዶ የሚሰማኝ አለ?» እያለች ትቀራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው እውነት ግን እኔ ካላጠራሁት የሚያጠራው የለም፤ ከእኔ ጆሮ ሌላ የሰማው አልነበረም።

ቅዳሜ ከጥሪው በኋላ፣ እሷ ሳትቀድመኝ፣ በሁለተኛው ቻናል ጠራኋት።

«ልብስ ሰፊዋ፣ ልቀበል።»

«አለሁ ጋሼ! ዛሬስ ቀደምከኝ። ባትሪው ስንት አለ?»

«ባትሪውን ተዪው። ማሽኑንም አቁሚው።»

ፔዳሉ ቆመ። «ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ባልሽ የሄደ ዕለት ሣጥኑ ፊት ነበርኩ። መግቢያውን አዳምጥ ነበር። እናንተ የሰማችሁት ከሪፒተሩ የወጣውን ነው፣ እኔ ግን ከእሱ አፍ የወጣውን ሰምቻለሁ። ቃሉ ከመጀመሪያው ተቆርጧል። ሪፒተሩ ውጦታል። ልቀበል።»

«ምን ነበር የተቆረጠው?»

ቁልፉን ተጫንኩና በልቤ አንድ አልኩ። በቀጥታው ቻናል የሚያንቀላፋ ሣጥን እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ሁለት አልኩ። ሦስትም አልኩ።

«አት» አልኳት።

ከዚያ ቁልፏን ተጫነች፤ የክፍሏ ድምፅ ይመጣል፣ እሷ ግን አትናገርም። ስትተነፍስ ሰማኋት። ለቀቀችው። እንደገና ተጫነችና፣ የማኅበር ስብሰባ መልእክት እንደተነገራት ሁሉ፣ «ተቀብያለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ብጠራት አልመለሰችም።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆነ፣ የሚጠራ የለም። አምስት ደቂቃ አለፈ። ቻናሉ ላይ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ቁልፍ እየተነካ ይለቀቃል። ስለዚህ እኔ ጀመርኩ። «ቁጥር አንድ» አልኩ። ዝም። «ቁጥር ሁለት።» ዝም። «ቁጥር ሦስት፣ ጉንፋኑስ?» አልኩ፣ እንደሷ ለመሆን፤ ማፈሬ አሁን ድረስ አለቀቀኝም። የወተት ሹፌሩ ቅዳሜ ሁለተኛውን ቻናል ሲያዳምጥ እንደነበርና ወሬውን ከወተቱ ጋር አድርሶ እስከ ማታ ሃያ ሁለቱም ቤት እንደሰማ የገባኝ ያኔ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እኔ የተባለውን ሁሉ ሳልሰማው አደርኩ። ቁጥር ሰባት ስደርስ ነርሷ ቁልፏን ተጫነች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ብላ ጠብቃ፣ አንዲት ፊደል ሳታስበላ፣ «አራት ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ?» አለች።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሰው ሲወጣ አየሁ። ሴት ናት፣ ብቻዋን ነው የምትወጣው፣ ከሥር መንገዱ ላይ የወተቱ መኪና ቆሟል፣ የስፌት ማሽን የሚመስል ነገር ተጭኖበታል። ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች በሐሳቤ የነበረችው። የመጣችው አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የመነጽሯ እግር በክር የታሰረ፣ ኮሌታዋ ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ የሰካች ሴት ናት። ሬዲዮዋን ከነቻርጀሩ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«የማኅበሩ ዕቃ ነው» አለችና ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩ።

ድምፅዋ ያለ ሬዲዮ ሲሰማ አነስተኛ ነበር። «ልቀበል» የሚል ሰው ስለሌለ ማን እንደጨረሰ፣ የማን ተራ እንደሆነ አላወቅንም። እኔ ልናገር ስል እሷ ትጀምራለች፤ ሁለታችንም እንተዋለን። ሁለት የከረሙ የሬዲዮ ሰዎች! በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅበት ነበር።

«ሣጥኑ ይኸ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እሱ ነው።»

እጇን ጫነችበት። ሙቀቱ የገረማት መሰለኝ። «እንዲያንቀላፋ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ባትሪው...»

«ግድ የለም፣ ባትሪውን አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ስትነግረኝ።» እጇን አነሳች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ያን ቀን ደስ ብሎሽ ነበር» አልኩ።

«እሱ የአንድ ቀን ነው። የሌላውስ ቀን?»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች፣ ስታየኝ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አታለቅስም። አልቅሳ ጨርሳ ነው የወጣችው።

«እሱስ አትጠብቂኝ ብሎኝ ነው የሄደው» አለች ቀስ ብላ። «ይክፋም ይልማም ቃሉን ተናግሮ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። አራት ዓመት ጠብቂኝ ሲለኝ የኖረው እሱ አይደለም። አንተ ነህ ጋሼ። በየጠዋቱ ወደ መታጠፊያው ማዶ እጣራለሁ፣ አንተ እዚሁ ሆነህ ትሰማኛለህ፣ ዝም ትላለህ። ዝም ማለትህ ጠብቂ ማለት ነው።» መነጽሯን አደረገች። «ጠበቅኩ። ታዲያ ምን ልጠብቅ ነበር? ንገረኝ።»

ቁጣ ቢሆን እኔም የቁጣ ሰው ነኝ፣ አውቅበታለሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ የምር ጠይቃኝ ነው። ለመስማትም ቆማለች። መልሱም ነበረኝ። እኔን፣ ልላት እችል ነበር። ይህን የድንች ልጣጭ፣ ይህን ፀጉር ማበጠር፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ የማየውን ሰዓት። ና ብትይኝ ሣጥኑን ጥዬ በወዲያኛው ሸለቆ እወርድልሽ ነበር። አሁንም እወርዳለሁ። ሁሉም ተሰልፎ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የሚሰማንም አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሐላችን ቻናል የለም።

«መንገዱ ያዳልጣል» አልኳት። «በዳር በዳሩ፣ ሣር ሣሩን ይዘሽ ውረጂ።»

ትንሽ ቆማ አየችኝ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለች። ሣር ሣሩን ይዛ ወረደች።